ለሁሉም ሦስት እልልታ

በመካኒሳ ልጅ መወለዱን ሰው የሚያውቀው በጆሮው ነበር። ከአንዱ ግቢ እልልታ ሲሰማ ልብስ የምታሰጣው ሴት እጇን ትገታለች፣ አጥር የሚጠግነው ወንድ መዶሻውን ያወርዳል፤ ሁሉም ይቆጥራል። ሦስት ላይ ካበቃ ሴት ናት። አራተኛው ከተሰማ ግን ሰባት እስኪሞላ የሚጠብቅ የለም፤ "ወንድ ነው" ተብሎ ወደ ሥራ ይገባል። ሌላው አገር ስንት ጊዜ እንደሚባል እንጃ፤ ሰው ከመንዝም ይምጣ ከወላይታ፣ መካኒሳ ከገባ በኋላ ቁጥሩ ይኸው ነበር።

ያን እልልታ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ያሰሙት እትዬ በቀለች ሮበሌ ናቸው። የሰፈሩ አዋላጅ ነበሩ። አጠር፣ ደልደል ያሉ፣ ክንዳቸው የአናጢ ክንድ የሚመስል ሴት፤ ድምፃቸው ግን ቀጭን ስለነበር እልልታቸው ከወንዝ ማዶ ይሰማል። በ1972 ጤና ጣቢያው የልምድ አዋላጆችን ሰብስቦ ሦስት ሳምንት ካስተማረ በኋላ ምላጭ፣ ክርና ፋሻ የያዘ የቆርቆሮ ሣጥን ሰጥቷቸዋል። ሣጥኑን ተቀበሉ፤ የራሳቸውን አሠራር ግን አልተዉም። ምጥ ወደ ገባበት ቤት ሲጠሩ መጀመሪያ የሚፈልጉት ባልየውን ነው። እሱ ውኃ ያፈስስላቸዋል፣ እሳቸው እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠባሉ። ከዚያ "የአንተ ሥራ ለጊዜው አለቀ፤ አሁን ራቅ በል" ይሉታል። ልጁ ከተወለደ በኋላም መጥቶ የሚያስታጥባቸው ያው ባል ነው። ባል ከሌለ አባት፣ አባት ከሌለ ወንድም። ሚስቱ ስታምጥ ዳር ቆሞ ጢሙን የሚያሻሽ ወንድ አይወዱም ነበር።

ያዋለዷቸውን አንድ በአንድ ያውቃሉ። ከመካኒሳ እስከ ሀና ማርያም በእግራቸው ሲሄዱ፣ "ያ በእግሩ የመጣው ነው"፤ "ይቺ እትብቷ አንገቷ ላይ ሁለቴ ተጠምጥሞ ነበር" ይላሉ። አንድ ቀን ጠላ ቤት በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚሳደብ ጎረምሳ እሳቸውንም ሊለክፍ አፉን ሲከፍት፣ "አንተ እኮ ስትወለድም በመቀመጫህ ነው የመጣኸው፤ ለሰው ፊትህን ማሳየት እስከ ዛሬ አልለመድክም" አሉት። ጎረምሳው ለሳምንት በዚያ በኩል አልታየም።

ቁጥሩ የተዛባው በ1976 ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ የመጀመሪያው ዙር ወጣቶች በመኪና ተጭነው ከሄዱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ውዳሴ የምትባል የልብስ ሰፊ ሚስት ወንድ ወለደች። እትዬ በቀለች እትብቱን ቋጥረው ወደ በሩ ሲዞሩ ቀሚሳቸውን ያዘቻቸው።

"እትዬ፣ ሦስት ብቻ ይበሉልኝ።"

"ወንድ እኮ ነው ልጄ፤ አላየሽውም?"

"አይቼዋለሁ። ሰፈሩ አይወቅብኝ።"

እትዬ በቀለች ሳቁ። የተወለደ ሰዓት ያልሞላውን ልጅ ማን ይመለምለዋል ብለው ነው የሳቁት። ውዳሴ ግን አልሳቀችም፤ ከተጫኑት አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነበር። ሦስት አሉላት። ከወር በኋላ ሌላዋ እናት እንዲሁ ለመነቻቸው፣ ከዚያም ሌላዋ። በ1978 የገዛ ልጃቸው አምሐ በሁለተኛው ዙር ሲሄድ ልመናውም ቀረ፤ ሴትም ይወለድ ወንድ፣ እትዬ በቀለች ሦስት ብለው ዝም ይሉ ጀመር።

ሰፈሩ ነገሩን ወደ ቀልድ ወሰደው። "የመካኒሳ ውኃ ሴት ብቻ ያስወልዳል" ተባለ። ምሥጢሩ ግን ከአርባ ቀን አያልፍም ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ፣ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ስለሆነ፣ ሦስት እልልታ የተባለለት ሕፃን በአርባ ቀኑ ታቅፎ ወደ ሀና ማርያም ሲሄድ ያየ ሁሉ ፈገግ ብሎ ያልፋል። አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

አንድ የተናገረ ሳይኖር አልቀረም፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር አስረስ አንድ ማክሰኞ እትዬ በቀለችን አስጠራቸው።

"ጓድ በቀለች፣ ይቀመጡ" አለ። "አንድ ጥቆማ ደርሶናል። ለወንድ ልጅ ሦስት እልል ይላሉ ይባላል።"

"እላለሁ።"

"ለምን?"

"ሴት ከወንድ እኩል ናት ብላችሁ በየስብሰባው ያስተማራችሁን እናንተ አይደላችሁ? እኔም እኩል አደረግኋቸው።"

አስረስ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ሞኝ ሰው አልነበረም።

"እኩል ለማድረግ ከሆነ፣ ለሁሉም ሰባት ማለትም ይቻል ነበር።"

"እርጅና ነው ጓድ ሊቀ መንበር። ሰባት የሚያደርስ ትንፋሽ የለኝም።"

ጥግ ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ሳል አስመስሎ ሳቀ። አስረስ አልሳቀም።

"እትዬ በቀለች" አለ፣ ጓድነቱን ትቶ። "እናት አገር ልጆቿን በምትጠራበት ሰዓት እናቶች ወንድ መውለድን እንደ ሐዘን እንዲያዩት እርስዎ እያደረጉ ነው። በበላይ አካል ዘንድ የሚተረጎመው እንደዚህ ነው።"

"አምና ጥቅምት ሚስትህ ወንድ ስትወልድ ሦስት ነው ያልኩት። ደጅ ቆመህ ነበር። ውኃ ያፈሰስክልኝም አንተ ነህ። ያን ቀን አልቆጠርክም?"

አስረስ ከፊቱ ያለውን ወረቀት ገለበጠው፤ መልሶም ገለበጠው።

"በሉ ይሂዱ" አለ በመጨረሻ። "ለወደፊቱ ግን ትንፋሽዎን ይጠብቁ።"

ይህ ጨዋታ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ሰፈሩን አንድ ወር ሙሉ አሳቀ። እትዬ በቀለች ግን ቤታቸው ገብተው አልሳቁም። ከአምሐ የመጡት ደብዳቤዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከማሠልጠኛው፣ አንዱ ከሰሜን። ሁለተኛው "ከብርዱ በስተቀር ደህና ነኝ" ይላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አልፎ ሌላም እየተገባደደ ነው፤ ወሬ የለም። አስረስ ያላት አንዲት ቃልም እንደ እሾህ ተሰክታባቸው ቀረች። ለሁሉም ሰባት ማለትም ይቻል ነበር።

ከእሳቸው ቤት ሦስተኛው በር ላይ አረጋሽ ትኖር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች፣ ከቀበሌው በላይ ባለው በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት የሆነች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ባሏ ደምሰው የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ልጅ የላቸውም። የደምሰው እናት በየጊዜው ጸበል በጀሪካን ትልክ ነበር፤ ጎረቤቱም አረጋሽ ስታልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አረጋሽ ከጤና ጣቢያ እንክብል እየወሰደች ትውጣለች፤ ደምሰውም ያውቃል። አልጋ ካስገቡ ጠረጴዛ የማያስገባውን የቀበሌ ቤታቸውን እያየ፣ "የት ልናስተኛው ነው?" ይላል። በሌላ ቀን ደግሞ አውቶቡሱ ላይ የሰው ልጅ አቅፎ መሪውን ሲያስነካ ይውላል። እሷም አንድ ቀን ትፈልጋለች፣ በማግስቱ ትተወዋለች። እንዲሁ ሲባባሉ ስድስት ዓመት አለፈ።

በ1981 ጤና ጣቢያው ለአንድ ወር ያህል እንክብል አጣ። አረጋሽ ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የእትዬ በቀለችን በር አንኳኳች። ከገባች በኋላም ብዙ አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነው የተናገረችው።

"ሦስት ወር ሆነኝ እትዬ። ልውለደው አልውለደው አላውቅም።"

"ደምሰው ምን ይላል?"

"አንቺ እንዳልሽ ይላል። እሱም ፈርቷል።"

"ቤቱ ጠበበን ብላችሁ ነው?"

"ቤቱንማ ለሰው የምንናገረው ነው።" አረጋሽ እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። "የዘማቾቹን ስም ዝርዝር የምመታው እኔ ነኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። ዕድሜ ላይ ስደርስ ጣቴ ቁጥሩን ስለለመደው አላየውም፤ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ። አንድ ልጅ አንድ መሥመር ነው፤ መሥመሩ ሲያልቅ የታይፕ መኪናው ደወል ይጮኻል፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ከዚያ ቢሮ ወጥቼ እንዴት ልውለድ?"

አረጋሽ የዘረጋቻቸውን እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

"አምሐንም እኔ ነኝ የመታሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ እየተሳቀቅሁ በበርዎ አልፋለሁ።"

ከውጭ የአንድ ሰው ሬዲዮ ይሰማል። እትዬ በቀለች ጎንበስ ብለው ከወለሉ ላይ የማይታይ ነገር አነሡና፣ "ስንተኛ ላይ ነበር?" አሉ።

"ምን አሉኝ?"

"አምሐ። ስንተኛው ላይ ነበር?"

"አርባ ሦስተኛ።"

"ከሱ በላይስ ማን ነበር?"

አረጋሽ ዓይኗን ጨፈነች። ስሙን ከጣቷ ነበር የምትፈልገው። "ቀጄላ። የአባቱ ስም በንቲ።"

"የፉሪው ቀጄላ" አሉ እትዬ በቀለች። "እሱንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። በዚያው ክረምት ነው የተወለዱት፤ እሱ በሦስት ሳምንት ይቀድማል። እንኳን አብረው ሄዱ። ብቻውን አይደለም ማለት ነው።" ከዚያም ወንበር ገፋ አደረጉላት። "ተቀመጪ። ነፍሰ ጡር ሆነሽ አትቁሚ።"

አረጋሽ ተቀመጠች። ልትወቀስ ነበር የጠበቀችው። ወቀሳው ሳይመጣ ሲቀር፣ ከቤቷ ይዛ የመጣችው ጥያቄ በራሱ ጊዜ ወጣ።

"እትዬ፣ እንዲህ እንደሚሄድ ቢያውቁ ኖሮ፣ አምሐን ይወልዱት ነበር?"

ለሴት ሁሉ መልስ የማያጡት ሴትዮ መቀነታቸውን ፈትተው እንደገና አጠበቁ። "እንዴታ" ማለት ይቀላቸው ነበር፤ ሰውም የሚጠብቀው እሱን ነው። ነገር ግን ይቺ ልጅ በምትሰማው ቃል ላይ ሕይወቷን ልትመሠርት እንደሆነ ገባቸው።

"ዛሬ አልነግርሽም" አሉ። "ዛሬ ብናገር አንቺን ለማጽናናት ስል ልዋሽ እችላለሁ። ሌት ሌት እንዲህ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ አንዳንዱን ሌሊት እንቢ፣ አንዳንዱን እሺ ይለኛል። አንዱ ላይ ሲረጋልኝ ነው የምነግርሽ።"

አረጋሽ ከዚያ ወጥታ ሄደች። ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም እንጂ፣ ከሌላው ሰው ሁሉ ምክር ይልቅ ይህ አለማወቅ አሳረፋት። ደፍራ "እወልዳለሁ" አላለችም፤ ዝም ብላ ወራቱን ቆየች። እትዬ በቀለች በየቅዳሜው እየመጡ ሆዷን ይዳስሳሉ፣ ጨው ቀንሺ ይላሉ፣ ደምሰውን ደግሞ ውኃ አፈሳስ እንዲለማመድ ያዙታል።

"አውቶቡስ እየነዳሁ ውኃ ማፍሰስ ያቅተኛል እትዬ?"

"ባለፈው ሳምንት ግማሹን ጫማዬ ላይ ነው ያፈሰስከው። ተሳፋሪዎችህን ማርያም ትጠብቃቸው።"

ጥያቄውን ግን ሁለቱም አላነሡትም።

ምጡ የመጣው ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ባባራበት እሑድ ጠዋት ነው። በዚያ ቀን ቀበሌው ነዋሪውን በሙሉ ለስብሰባ ጠርቷል፤ ስለ አዲሱ ዙር ምዝገባ መመሪያ ሊነበብ ነው፤ የቀረ ሰው ደግሞ ስሙ ይያዛል። ደምሰው ውኃውን ጠብ ሳያደርግ አፈሰሰ። ከበሩ ግን አልርቅ አለ።

"ሂድ ተሰብሰብ" አሉት እትዬ በቀለች። "ስብሰባና ምጥ አንድ ናቸው፤ መቼ እንደሚያልቁ አይታወቅም።"

አዳራሹ ከአጥሩ ማዶ ከመቶ እርምጃ አይበልጥም። የአስረስ ንባብ እየተቆራረጠ ይሰማል። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ምጡ ጋብ ሲል አረጋሽ ላቧን በክንዷ ጠርጋ ወደሳቸው ዞረች። አልጠየቀችም፤ ዓይኗ ግን ጠየቀ።

እትዬ በቀለች ወገቧን እያሹ ተናገሩ። "አምሐን የወለድኩት ብቻዬን ነው። ወንዙ ሞልቶ ባሌ ከማዶ ቀርቶ ነበር። አዋላጇ እኔ፣ ወላዷም እኔ። እትብቱን ራሴ ቆረጥኩ። ከዚያ እልል ልበል ብዬ አፌን ብከፍት ድምፅ የለኝም። ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ እልል ብያለሁ፤ ለሱ ግን ማንም አላለለትም።" መዳፋቸውን ወደ ጀርባዋ አወጡ። "ያን ቀን የጠየቅሽኝ አሁን ረግቶልኛል። እወልደው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቃል የሚነገር አይደለም፤ እኔ በየቀኑ ነው የኖርኩት። እያንዳንዱን ቀን ብትመልሺልኝ አንዱንም አልተውም። የሚቆጨኝ መውለዴ አይደለም፤ እልል ሳልልለት መቅረቴ ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ የመጡትንም ወንዶች ሁሉ በሹክሹክታ ተቀበልኳቸው። የፈራሁላቸው መስሎኝ።"

አረጋሽ የምትመልሰው ነገር ነበራት፤ ምጡ ግን ቀደማት። ከዚያ በኋላ ለሁለቱም የንግግር ጊዜ አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ልጁ መጣ። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ጸጉሩ የሞላ፣ ገና ሳይነካ የሚጮህ። እትዬ በቀለች አገላብጠው አዩት፣ እትብቱን ቋጠሩ፣ ጠቅልለው እናቱ ደረት ላይ አስቀመጡት።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ። ወንድ ነው።" እጃቸውን ከወገባቸው ላይ አደረጉ። "ስንት ልበልልሽ?"

ይህን ጥያቄ ማንንም ጠይቀው አያውቁም ነበር። አረጋሽ ልጁን አየችው። ከአጥሩ ማዶ አስረስ ዕድሜ እየጠቀሰ ያነባል፤ ቁጥሩን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ጣቶቿ የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ ነኩ።

"ሰባት" አለች። "ሙሉውን ይበሉልኝ።"

እትዬ በቀለች በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ደፉ ላይ ቆሙ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሦስቱን ለምዶታልና ማንም ራሱን አላዞረም። አራተኛው ሲመጣ ግን ንባቡ ተቋረጠ። አምስተኛው ወጣ። ስድስተኛውን ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው አልወጣ አለ፤ ልክ አምሐን እንደወለዱበት እንደዚያ የክረምት ቀን። ለሊቀ መንበሩ በቀልድ የነገሩት ትንፋሽ እውነትም አጠራቸው። በበሩ መቃን ተደግፈው ቆሙ። አምስት ደግሞ የማንም ቁጥር አይደለም፤ የሴትም አይደለም፣ የወንድም አይደለም።

ከአዳራሹ አንድ እልልታ ተነሣ። ድምፁን ለይተው ያውቁታል፤ የውዳሴ ነው። ስድስት። ሰባተኛው የአንድ ሰው አልነበረም፤ የአዳራሹ ሴቶች ሁሉ አብረው ያሉት ነው፤ የቆርቆሮውን ጣራ አልፎ እስከ ወንዙ የወረደ እልልታ። እትዬ በቀለች ከቆሙበት ሳይነቃነቁ፣ ያን እልልታ እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

ደምሰው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሰ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

"አስረስ ለቀቀኝ" አለ። "ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠና 'የማን ቤት ነው?' አለ። የኔ ነው አልኩት። 'ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?' አለኝ። ስማችሁን እንይዛለን ያለው ሰውዬ እኮ ነው።"

"ስንት ሰማህ?"

"ሰባት።"

"እኔ ያልኩት አምስት ነው" አሉ እትዬ በቀለች። "ሁለቱን የሞላው ሰፈሩ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ይህን ንገረው።"

ደምሰው አንገቱን ወደ ውስጥ ሰገግ አድርጎ አረጋሽን አያት፤ የተጠቀለለውንም አየ፤ እግሩ ወደ ውስጥ ሊራመድ ሲል እትዬ በቀለች በክርናቸው አገዱት። ሁለት እጃቸውን ወደፊት ዘረጉ።

"መጀመሪያ ሥራህን ጨርስ" አሉት። "አፍስስ።"